ከሩቁ ረድፍ

ከሚያጋኦ ወደ ኢሎኢሎ፣ ሰማዩ ሳይጠራ፣
ባሕሩ በስተቀኝ በጨለማ ሲያጓራ፣
ከጎኔ ዓሣ ሻጯ ቅርጫቷን አቅፋ
ታንኮራፋለች፤ የእኔ እንቅልፍ ጠፋ።
ጉልበቴ ላይ ፌስታል፤ ሁለት እስክሪብቶ፣
ሩዝ በሙዝ ቅጠል፣ ባሌ ያሰረልኝ ሌሊት ተነስቶ።
የጂፕኒው ሾፌር በመስታወት፣ «መምህርት፣ ወዴት ነው?»
«ፈተና አለብኝ።» መሪውን ጠበቅ አርጎ ያዘው።
«ምን አደረጉ ልጆቹ? ቅዳሜን ይረፉ!» አለኝ በቁጣ፤
የማስተርሱ ማጠቃለያ ነው፣ ተፈታኟ እኔ ነኝ ማለት ከአፌ አልወጣ።

አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።
ሃያ ሁለቱን ለሦስተኛ ክፍል ሰጠሁ፤
የሰው ልጅ በሰባት ሲያባዛ ስሰማ
የራሴን ዓመት መቁጠር ረሳሁ።

ሩፊኖ፣ ባሌ፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣
ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር ያልገለጠ፣
ሦስት ወር ሙሉ ካርዶቼን በዘይት እጁ ይዞ
እንደ መርማሪ ፖሊስ ፊቴ ተቀመጠ።
«ኮንስትራክቲቪዝም»ን በጥርሱ ሰባብሮ፣
እንደ ዛገ ብሎን ፈትቶ፣ ቀብቶ፣ አዙሮ፣
«ምን ማለት ነው?» ይለኛል።
ስመልስ ካርዱን ገልብጦ ያያል፤
ስሳሳት ምንም አይልም፤ ከሥር ያስገባዋል፣
ነገ ይመጣብኛል።

ክፍል ሁለት መቶ አራት። አሥራ ዘጠኝ ወንበር፣ አሥራ ዘጠኝ መምህር፤
እጅ አውጥቶ «ሽንት ቤት ልሂድ?» ማለት የሚያፍር።
ማራገቢያው ከጣራ ሲጢጥ ይላል።
ፈታኙ ገባ። ወጣት፤ ሸሚዙ ከዝናቡ የተረፈ፣
ቀኑን ሰሌዳው ላይ በግራ እጁ ጻፈ።
ያን እጅ አውቀዋለሁ።
ጄሪክ ኖብሌዛ። ከቁመቱ በቀር ምኑም አልተለወጠ፤
ሦስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ፊቴ የተቀመጠ።

አየኝ። «ደህና አደሩ፣ መምህርት» አለ፤ ሌላ አልጨመረ፤
ፖስታውን ቀደደ፣ ወረቀት ማደል ጀመረ።

አንድን ሠራሁ። ሁለትን ሠራሁ። ሦስተኛው ላይ ደረስኩ፦
«ተማሪ ክፍል ሲደግም የሚያተርፈውንና የሚያጎድለውን
በንድፈ ሐሳብ አስደግፈው ይተንትኑ።»
እስክሪብቶዬን ነከስኩ።

ጥናቱን አውቃለሁ፤ ካርዱ ይታየኛል፣ ከጥጉ የሩፊኖ አሻራ፤
የመጣችብኝ ግን እናቱ ናት፣ ከበሬ ቆማ፣ እኔን ስትፈራ።
«ፊደሉ ይገለባበጥበታል እንጂ ልጄ ሰነፍ አይደለም» አለች፤
ዓሣ ይዛልኝ መጥታ ነበር፣ ከሁሉ ትልቁን የመረጠች።
ሕግ ሕግ ነው።
ዓሣውን መለስኩ።
ልጇንም መለስኩ።
ጥያቄውን ግን፣ ይኸው፣ እስከ ዛሬ አልመለስኩ።

ሊቃውንቱን ትቼ ጻፍኩ፣ በሁለተኛው ዓመት ያየሁትን፦
እኩዮቹ ከመስኮት ማዶ ሲስቁ አንገቱን መድፋቱን፣
ደግሞ በጥቅምት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ገጽ ሳይቆም ማንበቡን፣
ከሁለቱ የትኛው የእኔ ሥራ እንደሆነ አለማወቄን።

«አሥር ደቂቃ!» አለ። ቃናው የራሴ ነው።
ገና ግማሽ ገጽ ይቀረኛል።
«እስክሪብቶ አስቀምጡ።»
አላስቀመጥኩም።

ከአጠገቤ ቆሞ ነበር፤ እጁን ቢዘረጋ ይበቃ ነበረ።
ሄደ። ከመስኮቱ ጥግ፣ አንድ በአንድ፣ መልቀም ጀመረ፤
ስም አየ፤ የወደቀ ክዳን አነሣ፤ ገጽ ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ።
በዚያ ዓመት፣ እሱ ሁሌ ከሁሉ ኋላ ሲጽፍ፣
እኔም ስሰበስብ የምጀምረው ከዚያ ነበር፤ ከሩቁ ረድፍ።

ማየቱን አላወቅኩም ነበር።

ማታ ሩፊኖ ባትሪ ይዞ መንገድ ላይ ጠበቀኝ።
«አለፍሽ?»
«ሰዓቱ ነው ያለፈው» አልኩት። «የእኔ በወሩ መጨረሻ።»
ካርዶቹን አልጣላቸውም፤ በጎማ አስሮ ከብሎኖቹ ጋር አኖረ፤
አንዷን ግን አስቀርቶ፣ ከመብራቱ ሥር፣ ለራሱ ማንበብ ጀመረ።